የእናቴ የማይበርድ ፍሪጅ

ከትናንት ወዲያ የጠፋው መብራት ዛሬም አልመጣም፤ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት የሥጋው ሽታ ፊቴን መታኝ። የአዳማ ሙቀት ለማንም አያዝንም። አፍንጫዬን ይዤ ስጠርግ ቁራሌው በደጃችን እየጮኸ ሲያልፍ ልጄ ሰላም ጠርታ አስገባችውና በረንዳ ላይ የቆመውን የእናቴን አሮጌ ፍሪጅ አሳየችው።

«እማ፣ በቃ ይሂድልን፤ ቦታ ከማጣበብ በቀር ምን ይሠራል?»

እጄን ሳልታጠብ ወጥቼ የአሮጌውን ፍሪጅ በር ከፈትኩት። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ከበሩ ላስቲክ ውስጥ የበርበሬና የኮረሪማ ሽታ ወጣ።

አባቴ ሲሞት አሥር ዓመቴ ነበር። አርባው እንደወጣ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ለማ ከአቦምሳ መጥቶ፣ ሴት ብቻዋን ሦስት ልጅ ከተማ ውስጥ አታሳድግም፣ ዕቃሽን አሳስሪና እኔ ጋ ትኖራላችሁ አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው፣ እናቴም ይህን ታውቃለች። እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ ብላ ለመነችው። ያኔ መጥቶ ጓዳችንን ባዶ ካገኘው ሳንከራከር ልንሄድ፣ ተስማሙ።

እናቴ አስካለ ሆቴል ወጥ ቤት ነበር የምትሠራው። በዚያው ሰሞን ሆቴሉ ሞተሩ የተቃጠለ ፍሪጅ ሊጥል ሲል ለምና ወሰደችው፣ በጋሪ አስጭናም በጠራራ ፀሐይ ሰፈሩን አቋርጣ አመጣችው። የሰፈሩ ልጆች በረዶ ሊለምኑ ጆግ ይዘው ተሰለፉ። በሩን ከፍታ የሽሮ ጣሳ ስታሳያቸው፣ ጎረቤቶቹ አስካለን ሐዘኑ ነካ አድርጓታል ብለው ከንፈር መጠጡላት። እሷ ግን የገባት ነገር ነበር፤ ያ የበሩ ላስቲክ አየር አያስገባም፣ ነቀዝም አይጥም አይደርስበትም። የመቂ ነጋዴዎች አዲስ አበባ አይደርስም ብለው በርካሽ የሚጥሉትን የላላ ቲማቲም እየሰበሰበች፣ ከትፋ ጨው ነስንሳ የጣሪያችን ቆርቆሮ ላይ በአሮጌ አጎበር ታሰጣዋለች፤ እግሬ እየተቃጠለ ወጥቼ የማገላብጠው እኔ ነበርኩ፣ ከማገላብጠው የምበላው ቢበልጥም። ማሽን አትጠላም ነበር፤ ሽሮዋን የምታስፈጨው በኤሌክትሪክ ወፍጮ ነው። የማትወደው ማሽን ሲቆም ሰውም አብሮ ሲቆም ማየት ነበር።

በፋሲካ ማግሥት ጋሽ ለማ አይሱዙ ተከራይቶ ከተፍ አለ። ላቡ በጀርባው እየወረደ ፍሪጁን ሲያይ ደስ አለውና ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ራሱ ከፈተው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ምስር፣ ከላይ እስከ ታች የደረቀ ቲማቲም በየጣሳው።

«ያ ዋቃ! አስካለ፣ ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የልጆቼ ነው ጋሼ። ውሃው እንስራው ውስጥ ነው፣ ይቀዳልዎት?»

ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ተቀመጠ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ስለ መሄድም አንድ ቃል ሳይናገር ዋለ። አይሱዙው የተመለሰው ለሚስቱ የተላከ አንድ ጣሳ ቲማቲም ይዞ ነው።

እኔስ? ጓሮዬ ጎመንና ቃሪያ ተክዬ፣ ራሴን ችዬ ቀለል ያለ ኑሮ እኖራለሁ እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ቃሪያዬን የምፈጨው በጁስ መፍጫ፣ ጎመኔን የማበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን የሱቅ ዳቦ በሻይ እየበላን ነው፣ ሻዩንም ያፈላችልን ጎረቤት ናት። አፍሬያለሁ። እናቴ ጨዉን ስንት እንደምታደርግ፣ ቲማቲሙን ስንት ፀሐይ እንደምታስመታው አልጠየቅኳትም፤ ፍሪጅ እያለኝ ምን ይጠቅመኛል ብዬ። አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ቁራሌውን በባዶ እጁ ሸኘሁት። ሰላም አኮረፈች፤ ታኩርፍ። ገበያ ወጥቼ አንድ ሳጥን የላላ ቲማቲም በባጃጅ አስጭኜ ስመለስ፣ የሚገዛው ሰው አጥተው የጣሉት ነው ብላ ሳቀችብኝ። ጨዉን በግምት አደርገዋለሁ፤ ከተበላሸም ሌላ ሳጥን አመጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቆርቆሮ ላይ መውጣት ያስፈራል፣ ግን መሰላሉን አስደግፌዋለሁ።

መብራቱ ሲመጣ ይምጣ። እኔ ቲማቲም እየከተፍኩ ነው።