የራሴን ክስ የተረጎምኩበት ቀን

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፣ ወገኖቼ! ሦስት እሑድ ሙሉ ለመመስከር እጄን ላወጣ ስል እያፈርኩ ተመልሻለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ከዚህ ቤት አልወጣም ብዬ ነው የመጣሁት። ስሙ ይባረክ! ታላቅ እህቴን ጽጌን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በየሳምንቱ «ለእህቴ ጸልዩልኝ» እያለች ስታስቸግራችሁ የኖረችው ለእኔ ነው። ሰናይት እባላለሁ። ጸሎታችሁ ተሰምቷል፤ አሜን በሉ እንጂ!

ያደግኩት እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። እንግሊዝኛ ከልጅነቴ ይቀናኝ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲም ገብቼ የተማርኩት እሱኑ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ በአስተርጓሚነት ሲቀጥረኝ ደግሞ ማን ይቻለኝ! ጠዋት ደሴ ላይ በሹራብ ተጠቅልዬ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ፣ ተኩነስንሼ ቢሮ እገባለሁ። ማናጀሩ ፈረንጅ ነው። ያ ሁሉ ሠራተኛ ከእሱ ጋር የሚነጋገረው በእኔ አፍ ነው። እሱ ሲቆጣ እቆጣለሁ፣ ሲስቅ እስቃለሁ። ጽጌ «ጌታን ተቀበይ» ስትለኝ «ጌታሽ እንግሊዝኛ ይችላል?» ብዬ እመልስላት ነበር። ይቅር ይበለኝ፤ እንዲህ ነበርኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ለስፌት ሴቶቹ ጥቂት ቃላት አስተምር ነበር። ፕሊስ፣ ሶሪ፣ ጉድ ማለት ጥሩ፣ ፊኒሽ ማለት አለቀ፣ ቴንኪው። ከሁሉም ፈጥና የምትይዘው ዘሃራ ነበረች። ዘሃራ ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ ያለችው የደጋን ከተማ ልጅ ናት፣ የልጆች እናት፣ ኮሌታ ሰፊ። ስሟን የማነሳው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ «ሳትደብቂ ንገሪ» ብላኛለች። ታዲያ ዘሃራ የቃሉ ትርጉም ብቻ አይበቃትም፤ የት እንደሚባል፣ ለማን እንደሚባል ካላወቀች አትለቅም። «ሶሪ ማለት ይቅርታ ነው» ስላት፣ «ሲያጠፉ ብቻ ነው ወይስ እንዲሁም ይባላል?» አለችኝ። «ሲያጠፉ ነው» አልኳት።

አንድ ቀን ማሽኗ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ወደ እኔ መጥታ «ሰናይት፣ ለፈረንጁ መካኒክ ንገሪልኝ፤ ጨርቁን ሊያበላሽብኝ ነው» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ወዲያው ስልክ ተደወለልኝ፣ ወሬ ያዝኩ፣ ረሳሁት። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሦስተኛው ቀን ዘይት የነካው ኮሌታ በክምር ተገኘ። ማናጀሩ ፊቱ ቀልቶ እኔንና ዘሃራን ቢሮው አስጠራን።

«እንዴት እንዲህ ትሠራለች? ጠይቂያት» አለኝ። ጠየቅኋት።

«ከትናንት ወዲያ ለአንቺ ነግሬሽ የለ? ማሽኑ ያፈሳል ብዬሻለሁ። ያንኑ ንገሪው» አለች። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። ምስክሯ እኔ ነኝ፤ ምን ያስፈራታል?

ወገኖቼ፣ እውነቱን ብናገር ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ሊወጣ ነው። ወንበሬ ታየኝ፣ ስሜ ታየኝ። ለማናጀሩ በእንግሊዝኛ «በራሴ ግዴለሽነት ነው፣ ሶሪ፣ ትላለች» አልኩት።

ዘሃራ ቀና አለች። እኔው ነኝ ያስተማርኳት! «ሶሪ? እኔ መቼ ሶሪ አልኩ?» አለችኝ።

ማናጀሩ «ምን አለች?» አለ።

«ታመሰግናለች» አልኩት።

በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበተች። ስንብቷን የተረጎምኩላትም እኔ ነኝ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የሥራ ሽርጧን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ሰናይት፣ ለአላህ ሰጥቼሻለሁ» ብላኝ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ጉሮሮዬ ተያዘ። ምግብ ይወርዳል፣ ውኃ ይወርዳል፤ ለመናገር አፌን ስከፍት ግን አንድ ነገር ይወተፍብኛል። ድምፄ ሻከረ። ደሴ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አየ፣ በመብራት አየ፣ በመሣሪያ አየ። «ጉሮሮሽ ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም። የሚያስጨንቅሽ ነገር ይኖር ይሆን?» አለኝ። «የሥራ ብዛት ነው» አልኩት። ለሐኪምም ዋሸሁ! ሻይ በማር ጠጣሁ፣ በዝንጅብል ጠጣሁ፣ የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር የለም።

በዚህ መካከል ነው ጽጌ እየሮጠች የመጣችው። «እባክሽ ሰናይት፣ እሑድ የውጭ አገር አገልጋይ ይመጣሉ። የቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ በጉንፋን ወድቋል። ለአንድ ቀን ብቻ» አለችኝ። «ድምፄን እየሰማሽ?» ስላት «ማይክ አለ!» አለች። ጽጌን ታውቋታላችሁ፤ እምቢ አይባልም።

የቤተ ክርስቲያን እንግሊዝኛ ለብቻው ነው ሲሉ ሰምቼ ስለነበር እንደ ፈተና አጠናሁት። ወረቀት ላይ ዘረዘርኩ። ግሬስን የማውቀው የሰው ስም ሲሆን ነው፤ አጠገቡ «ጸጋ» ብዬ ጻፍኩ። መርሲን የማውቀው ፊልም ላይ ሽጉጥ የተደገነበት ሰው ሲለምን ነው፤ «ምሕረት» ብዬ ጻፍኩ። ኮንፌስ ፖሊስ ጣቢያ የሚባል ነገር ይመስለኝ ነበር፤ «መናዘዝ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉንም ሸምድጄ፣ አሥር ከአሥር አመጣለሁ ብዬ እዚህ መድረክ ላይ ወጣሁ። ብዙዎቻችሁ ያን ቀን ነበራችሁ።

እንግዳው ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ወጣት ሳሉ ያደረጉትን ተረኩልን። የአባታቸውን መኪና ያጋጩና «ወንድሜ ነው» ይላሉ። አባትየው አመኑ፤ ወንድምየው ከቤት ወጣ። እሳቸው ግን ለዓመታት ዝም አሉ። እኔ እየተረጎምኩ ነው። በአስተርጓሚ ሥራ ሰውየው «እኔ» ካለ አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል፤ «እሱ እንዲህ ይላል» አይባልም። ስለዚህ በእኔ አፍ «እኔ ዋሸሁ፣ እኔ ዝም አልኩ፣ በእኔ ፋንታ ሌላው ተባረረ» እያልኩ ነው።

ከዚያ «በድያለሁ» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። እንግዳው ያልሰማኋቸው መሰላቸው፤ ጠጋ ብለው ጮክ አድርገው ደገሙልኝ። «በድያለሁ» አልኩ፣ በተዘጋ ድምፅ። አሁን ደግሞ ሕዝቡ ያልሰማ መሰላቸውና ለሦስተኛ ጊዜ ደገሙት። ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ የእሳቸው ንግግር ቀረ! «በድያለሁ! ዘሃራን በድያለሁ! ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ!» ብዬ አለቀስኩ። መድረኩ ሥር ተንበረከኩ፤ ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩልኝ፤ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ሃሌሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን!

ጽጌ በኋላ ዓይኗን እያበሰች ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰላችሁ? «ግን ፈረንጁ ዘሃራ የምትባል ዘመድ አለቻቸው እንዴ?» አይ ጽጌ! ሳቁ፤ እኔም እያለቀስኩ ስቄያለሁ።

ለጽጌ ሁሉንም ነገርኳት። «ጌታ ይቅር ብሎሻል» አለችኝ። «አውቃለሁ፤ ዘሃራ ግን ገና አልሰማችም» አልኳትና በዚያው ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ ከዚያ የደጋን መኪና ያዝኩ። ዘሃራ መንገድ ዳር ፓፓያና ሙዝ ዘርግታ ትሸጣለች። ስታየኝ ፊቷን አዞረች።

«እንዴት ዋልሽ ዘሃራ?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ፓፓያዋን እየደረደረች።

ምድር ላይ ቁጭ አልኩ። «ዋሽቼብሻለሁ። ለመካኒኩ ያልነገርኩት ረስቼ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አፉ በይኝ» አልኳት፣ በእነሱ አነጋገር ይቅርታ ስለምን።

ፓፓያዋን አንድ በአንድ ደርድራ ጨረሰች። በመጨረሻ «አፉ ብያለሁ። የጠየቀን ሰው እኛ አንመልስም» አለችኝ። ላቅፋት ስል ግን በእጇ ከለከለችኝ። «ቆይ። አፉ ስላልኩሽ ስሜ አይጸዳም። ግዴለሽ ናት ተብዬ ነው የወጣሁት። ነገ እሱ ፊት ውሰጂኝ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ አንቺ እንደ ቃሌ ትነግሪዋለሽ። አንድ ቃል አትጨምሪ፣ አንድ ቃል አትቀንሺ። ወላሂ፣ ከዚህ ሌላ ከአንቺ የምፈልገው የለም» አለች።

ሰኞ ጠዋት አብረን ገባን። ማናጀሩ ግራ ገብቶት ተቀመጠ። ዘሃራ ነጠላዋን አስተካክላ መናገር ጀመረች፤ እኔም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። «ጨርቁን ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም። ማሽኑ ያፈሳል ብዬ ቀድሜ ለዚህች ሴት ነግሬያታለሁ። እሷ ረሳችው። ከዚያ ራሷን ለማዳን በእኔ ላይ ዋሸች። ሶሪ አላልኩም። አመሰግናለሁም አላልኩም።»

ማናጀሩ «ይህች ሴት የምትላት ማን ናት?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ወገኖቼ፣ ስሙኝ! ያቺን ቃል ስናገር ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ! ራሴን አስደነገጠኝ። የተወተፈው ነገር ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ተመልሶ አልመጣም። ሐኪሙ ያላገኘውን ጌታ አገኘው! ጌታ ይባረክ!

ማናጀሩ ግን ተነሣ። «ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪ» አለኝ።

ዘሃራ «ምን አለ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ኧረ አይሆንም! አታስወጣት፣ እኔ አፉ ብያታለሁ በይው» አለች።

የከሰሰችኝን ሁሉ ተርጉሜያለሁ፤ ይህን መተርጎም ግን አቃተኝ። በምን አፌ ለራሴ ልለምን? እንባዬ ወረደ። «በይ እንጂ!» አለችኝ። አላልኩም። ያን ጊዜ እኔን ትታ ወደ ማናጀሩ ዞረች። ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ በእነዚያ በምሳ ሰዓት ቃላት ተናገረችው። «ፕሊስ። ሰናይት ጉድ። ሶሪ፣ ፊኒሽ።»

ግሬስንና መርሲን በወረቀት ጽፌ የሸመደድኩ ሴት፣ ትርጉማቸውን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የበደልኳት ሴት ስለ እኔ ስትለምን ቆሜ አየሁ። ዘሃራ በሃይማኖቷ ናት፣ እኔም በጌታዬ ነኝ፤ እንከባበራለን፣ በበዓልም እንጠያየቃለን። ጌታ ግን በእሷ አፍ ምሕረቱን አሰማኝ። ተመስገን!

ማናጀሩ ተመልሶ ተቀመጠ። «እሷ ነገ ሥራዋን ትጀምር። አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ አስተርጓሚ አይደለሽም። መሥራት ከፈለግሽ ከእሷ ጎን ተቀምጠሽ ስፌት ተማሪ» አለኝ። በዚያው ቀን ሠራተኞቹን ሰብስቦ ዘሃራ ጥፋት እንደሌለባት ነገራቸው። እኔም በፊታቸው ቆሜ ያደረግኩትን በአፌ ተናገርኩ።

ይኸውላችሁ፣ ዲግሪዬን ይዤ ኮሌታ እሰፋለሁ! አስተማሪዬ ዘሃራ ናት። የሰፋሁትን አገላብጣ ታይና «ይሄ ይፈታ» ትለኛለች። አስፈትታኝ ስታበቃ ትስቃለች። ጣቴ በመርፌ ተበሳስቷል፤ ልቤ ግን እንዲህ አርፎ አያውቅም። ሃሌሉያ!

አሁን ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ስሙልኝ። አንዲት ከኩታበር የመጣች አዲስ ሠራተኛ ጥፋት ተገኘባት ተብላ ቢሮ ተጠራች። አዲሱ አስተርጓሚ ሊጠይቃት ሲል «አልናገርም» አለች። ቢለምኗትም እምቢ። «ታዲያ ማን ይናገርልሽ?» ሲሏት «ያቺ ኮሌታ ሰፊዋ ትጠራልኝ። የራሷን ጥፋት ያልሸሸገች፣ የእኔን እውነት አትሸሽግም» አለች። ታሪኬን ከስፌት ሴቶቹ ሰምታ ኖሯል። ማናጀሩ ሰው አልላከም፤ ራሱ ከቢሮው ወርዶ ማሽኔ ድረስ መጥቶ «ሰናይት፣ ነይ» አለኝ። ሄድኩ። ልጅቷ ያለችውን እንደ ቃሏ ነገርኩት፤ ነጻ ሆና ወጣች። በውሸቴ የጣልኩትን መታመን ጌታ አንሥቶ በእጄ አስቀመጠልኝ። እልልታችሁ የታለ!

ወገኖቼ፣ እዚህ የተቀመጠ የሰው ስም አጥፍቶ ዝም ያለ ካለ፣ ጌታን ይመን። አያዋርድም። እውነቱን ሲናገሩ የሚወድቅ ሰው ቢኖር እኔ በወደቅኩ ነበር። በሩ ድረስ መሄድ እንደሚከብድ ግን አውቃለሁ፤ እግሬ ደጋን ላይ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ የምታንኳኩት በር ያላችሁ፣ ኮምቦልቻም ይሁን ኩታበር፣ ከጉባኤው በኋላ ንገሩኝ። አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ በሩ እስኪከፈትም አብሬያችሁ እቆማለሁ። ጌታ ይባረክ!