ከሉባባ ፊት ለፊት ያለው ወንበር

ይህ ነገር የገጠመኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ አንድ ክረምት መርካቶ ውስጥ ነው። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት እያደረስኩ እንኳ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ያ ክፍል ይመጣብኛል። አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ በመንፈስ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም። ጎረቤቶቼ ስለ ጋኔን ሲያወሩ የምስቅባቸው እኔ ነኝ። ይህን ግን ስቄ ማለፍ አልቻልኩም።

በዚያን ጊዜ ከመሳለሚያ ዝቅ ብሎ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር። የእኔ ሥራ የልጆቹ ክፍል ነው። ክፍል ይባል እንጂ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግራና ቀኙ ወንበሮችና አንድ መደርደሪያ ብቻ ነበር ያለው። ለልጆች የተጻፈ የአማርኛ መጽሐፍ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም፤ ያለውም አብዛኛው ነጠላ ነው። ስለዚህ የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን መምረጥ ቀላል አልነበረም። እኔ ደግሞ በዚህ ሥራዬ ትንሽ እኮራ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽም አይደለም።

ዘዴ ነበረኝ። ልጅን ምን ትወዳለህ ብትሉት እናንተን ደስ የሚላችሁን ይነግራችኋል። ምን ትፈራለህ ስትሉት ግን አይዋሽም። ስለዚህ እያንዳንዱን ልጅ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሚፈራ ነው። ጅብ ለሚፈራ ጅብ የሚሞኝበትን ተረት፣ ጨለማ ለሚፈራ ስለ ጨረቃ የሚያወራውን አወርድለታለሁ። አንዱ ልጅ "እኔ የምፈራው እርስዎን ነው፣ እትዬ" ብሎኝ ክፍሉ በሳቅ አውካክቷል። አልተሳሳተም። በር ላይ ቆሜ እጃቸውን እያገላበጥኩ አይ ነበር። ገጽ ሲገልጥ ጣቱን በምራቅ የሚያርስ ልጅ ካየሁማ፣ ያን ቀን መጽሐፍ አይነካም።

ሉባባ የመጣችው ሐምሌ ላይ፣ መርካቶ ጭቃ በጭቃ በሆነበት ሰሞን ነው። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ጋሽ ይመር ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከእኛ በር ማዶ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሠራሉ። ጠዋት ጭቃውን አሻግረው ያደርሷታል፤ አመሻሽ ላይ መጥተው ይወስዷታል።

የጠረጴዛውን ጥግ፣ ከፊት ለፊቷ ማንም የሌለበትን ቦታ መረጠች። ምን እንደምትፈራ ብጠይቃት ራሷን ብቻ ነቀነቀች። መጽሐፍ ሰጠኋት፤ ገልብጣ ያዘችው። የፊደሎቹ ራስ ወደ እሷ፣ እግራቸው ወደ ባዶው ወንበር ሆነ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ማንበብ አትችልም ብዬ፣ እንዳታፍር ዝም አልኩ። በማግስቱ ሥዕል የበዛበትን ሰጠኋት። እሱንም ገለበጠችው።

ያን ቀን አንድ ልጅ ከፊቷ ያለው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል፣ ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ብድግ ብላ ወንበሩን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

"ሰው አለው!" አለች።

ልጁ ሌላ ቦታ ፈለገ። አጠገቧ ሄጄ የተለመደ ጥያቄዬን ደግሜ ጠየቅኳት።

"ሉባባ፣ አንቺ ምን ትፈሪያለሽ?"

"እዚህ ወንበር ላይ ሰው እንዳይቀመጥ።"

ለዚህ የሚሆን መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አልነበረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስለ አንዲት አህያ የሚተርክ መጽሐፍ ሰጠኋት። አህያዋ ጭነቷን ገበያ አራግፋ ስትመለስ የቤቷ መንገድ ይጠፋባትና ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። እኔ ሌሎቹን ልጆች እየተቆጣሁ ሳለ ሉባባ ስትስቅ ሰማሁ። ሄጄ ገጹን አየሁት። አህያዋ ኩሬ ውስጥ የራሷን መልክ አይታ "እመቤቴ፣ መንገዱ በየት በኩል ነው?" ብላ የምትጠይቅበት ቦታ ነው። ገጹ ላይ ሥዕል የለም።

"እስቲ አንብቢልኝ" አልኳት።

አነበበችልኝ። መጽሐፉ እንደተገለበጠ፣ ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ እየነዳች፣ አንዲት ቃል ሳትስት አነበበችው። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

በእርግጥ ነገሩ የማይሆን አይደለም። አባቴም የኔታ ዘንድ ሲማሩ መጽሐፉ አንድ፣ ልጁ ብዙ ስለነበር፣ ዙሪያውን ከበው ከጎንም ከማዶም ማንበብ ለምደው ነበር። ይህን አስቤ ልቤን አረጋጋሁና ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት።

"ሰይድ። ወንድሜ።"

ሰይድ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ማታ ሁለቱ ልጆች አባታቸው በሚሠሩበት በረንዳ ላይ አንድ የዕቃ ሳጥን መሀል አድርገው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሷ ከማዶ በዓይኗ ትከተለዋለች። እንዲህ እያለች ፊደሉን ሁሉ የቁልቁሊት ለይታ አወቀችው።

"ጎበዝ። አሁን ግን መጽሐፉን አዙሪው። ቀጥ አድርገሽ ያዥው።"

"ካዞርኩትማ ለእሱ ይገለበጥበታል።"

"ለማን?"

በአገጯ ወንበሩን አሳየችኝ።

ወንበሩ ባዶ ነው። ውጭ ኩሊዎቹ ሸክማቸው ከብዷቸው "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በቀን ብርሃን፣ ሰው በሞላበት ገበያ መሀል፣ በዚያ ወንበር አጠገብ ማለፍ አቃተኝና ጠረጴዛውን ዞሬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ይመርን ለብቻቸው ጠርቼ ስለ ሰይድ ጠየቅኳቸው።

"አምና ሰኔ በተስቦ ሞተብን፣ ወይዘሪት" አሉኝ። "እሱስ የአላህ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል። የዚቺ ነገር ግን ጨነቀኝ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። መምህሩ መጽሐፍ ቢሰጧት ገለበጠችው። 'ይቺ ፊደል እንኳ አትለይም፣ መልሷት' አሉኝ። ለሚመጣው መስከረምም ካልተቀበሏት ወሎ እናቴ ዘንድ እልካታለሁ።"

"ምነው ጋሽ ይመር! ከእናቷ ነጥለው?"

"እናቷም ፈራች እኮ! ገበታ ስንቀርብ ይቺ ልጅ የሱን ቦታ ሰው እንዳይነካ ትከለክላለች። ጎረቤቱ ጂን ይዟታል ይላል።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እውነቱን ልንገርዎት? እኔም ፈርቻለሁ። መኪናዬ ላይ አጎንብሼ፣ ከሳጥኑ ወዲያ ስታነብ ስሰማት ቀና ማለት እፈራለሁ። ቀና ስል እሱን የማየው ይመስለኛል።"

ያን ማታ ንዴቴ እንቅልፍ ነሳኝ። እንዲህ አቀላጥፋ የምታነብ ልጅ ፊደል አትለይም ተብላ ከትምህርት ልትቀር፣ ከወላጆቿ ልትለይ ነው። በማግስቱ መጽሐፉን ራሴ አዞርኩባት። አንድ መስመር ጀመረች፣ መሀሉ ላይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወንበሩን ቀና ብላ አይታ "እሱ ምን ያንብብ?" አለችኝ። መጽሐፉን መልሼ ገለበጥኩላት።

መልሱ የተገኘው መደርደሪያዬ ላይ ነው። የአህያዋ መጽሐፍ ሁለት ነበር። ሌላ አዲስ መጽሐፍ ጠይቄ በስሕተት ያንኑ ደግመው ልከውልኝ፣ ምን ይሠራልኛል ብዬ ከላይ ወርውሬው ነበር። አወረድኩትና አቧራውን ጠረግኩ። አንዱን ወደ ባዶው ወንበር አዙሬ አስቀመጥኩ። ለሰው ሳይሆን ለማላውቀው ነገር ያቀረብኩ ያህል ተሰማኝ። ሌላውን ከእሷ ፊት፣ ወደ እሷ አዙሬ አደረግኩላት።

"ይሄ የሰይድ ነው። ይሄ ደግሞ የአንቺ።"

ሁለቱን መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እያፈራረቀች አየቻቸው። ከዚያ የራሷን ወደ ደረቷ ስባ፣ ቀጥ አድርጋ እንደያዘች ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ አዲስ ጫማ እንዳጠለቀ ልጅ እየተደናቀፈች ነበር። አንድ ገጽ ስትጨርስ የራሷን ትገልጣለች፤ ከዚያ ተነሥታ፣ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ የእሱንም ትገልጥለታለች። እኔ እንዳስተማርኳት በደረቅ እጇ ነው የምትገልጠው። አንዳንዴ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" እላታለሁ።

"ገና አልጨረሰም።"

በጋኔን ወሬ የምስቀው እኔ፣ አብሬያት እጠብቅ ነበር።

ነሐሴ እንዲህ አለቀ። ጳጉሜ ሲገባ ንባቧ ተስተካክሎ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማት የትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ ልንዘጋ ስንል፣ የመጨረሻዋ ገጽ ብቻ ቀረቻት። አህያዋ ቤቷ በር ላይ የምትደርስበት ነው። ሉባባ አልገለጠችውም። የእሱንም አልነካችውም።

"ጨርሺው እንጂ" አልኳት።

"የመጨረሻውን እሱ ራሱ ይግለጠው። እትዬ፣ እባክዎ እንዳይዘጉት።"

አልዘጋውም አልኳት። ሁለቱም መጻሕፍት እንደተከፈቱ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። መስኮቶቹን ዘበኛችን ጋሽ ወልዴ ዘጉ፤ በሩን እኔ ቆለፍኩና ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የሉባባ መጽሐፍ እንደተወችው ነው። ከማዶ ያለው ግን ተገልጦ የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር።

ሮጬ መስኮቶቹን አየሁ። ሁሉም እንደተዘጉ ናቸው። ጋሽ ወልዴን ጠርቼ ማታ ገብተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"በምን ልግባ ልጄ? ቁልፉ ካንቺ ጋር አይደል እንዴ?"

ጠጋ ብዬ አየሁት። የተገለጠው ገጽ የታችኛው ጥግ ትንሽ ተኮማትሯል፤ ረጥቦ እንደደረቀ ነው። ጣራው አፍስሶ ይሆናል ብዬ ቀና አልኩ። ኮርኒሱ ደረቅ ነው፤ ጠረጴዛውም ደረቅ ነው። ሉባባ ሳትመጣ ገጹን ልመልሰው አስቤ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

ሉባባ መጣች። መጽሐፉን ስታየው አልደነገጠችም፣ አልሳቀችምም። ዞራ ወደ ወንበሩ ሄደች፤ ከኋላው ትንሽ ቆመች።

"ጨርሷል" አለች።

መጽሐፉን በቀስታ ዘጋችው። ወደ ቦታዋ ተመልሳ የራሷን የመጨረሻ ገጽ ለብቻዋ፣ ድምፅ ሳታሰማ አነበበች። ስትጨርስ በር ላይ ዝናብ ያበሰበሳት አንዲት ልጅ መቀመጫ ስትፈልግ አየቻት። "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ" ብላ ያንን ወንበር ሰጠቻት። ልጅቷ ስትቀመጥበት እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መስከረም ላይ ጋሽ ይመር፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጭቃውን እየረገጡ በሩጫ መጡ።

"ተቀበሏት! ወይዘሪት፣ ተቀበሏት! ቀጥ አድርጋ ይዛ አንበለበለችላቸው። መምህሩ ራሳቸው 'የት ነው የተማረችው?' አሉኝ።"

ሁለታችንም አለቀስን። ወሎ መሄዱ እንደቀረ፣ ማታ ማታ ለእናቷ እንደምታነብላት እየነገሩኝ ቆዩ። ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ቆም አሉ።

"ስታነብ ቁርጥ ሰይድን ናት። ልዩነቱ፣ እሷ ጣቷን በምራቅ አታርስም። እሱ ገጽ በገለጠ ቁጥር ጣቱን ይልስ ነበር፤ ስንቴ ጆሮውን ቆንጥጬዋለሁ! ምነው ዝም ብዬው በነበር።"

የዚያን ወንበር መደገፊያ ይዤ ቆምኩ። ስለዚያ ገጽ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም አልነገርኳቸውም።

ይህን ስተርክ የሚስቁብኝ አሉ፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር። ብዙ ዓመት በፍርሃት ነው ያስታወስኩት። አሁን ግን ፍርሃቱ አልፎ፣ ላላየሁት ልጅ የሚሰማኝ ናፍቆት ብቻ ቀርቶብኛል። ያ ሁሉ የምራቅ ቁጣዬም ያሳፍረኛል። በዚያ ክፍል ለስንት ልጅ መጽሐፍ መርጫለሁ፤ ሁሉንም ጠይቄ ነው። ምን እንደሚፈራ ሳልጠይቅ የሰጠሁት ለሰይድ ብቻ ነው።