ከጎሚስታ ቤት የተገኘችው ጀልባ

ልጅ ሳለሁ ጅጅጋ ውስጥ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት እንደ በዓል እጠብቀው ነበር። ሰፈሩ ጨለም ሲል አጥር የምንጋራቸው አዴር ዩሱፍ የከሰል ምድጃቸውን ወደ በራፍ ያወጣሉ፣ ፋኖሱን ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ ከዚያም በአጥሩ አሻግረው «ና፣ አዴር!» ብለው ይጠሩኛል። «አዴር» በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። ሶማሌዎች ዘንድ አጎት የወንድሙን ልጅ ሲጠራ የራሱኑ መጠሪያ መልሶ ይሰጠዋል፤ እኔ አዴር እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም አዴር ይሉኛል። ያኔ ይህን ያስረዳኝ ሰው ስላልነበረ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ እኔን ፍንጭት ጥርሷን ልጅ ለምን አጎቴ እንደሚሉኝ ግራ ይገባኝ ነበር። አባቴ «ሴት ልጅ እኮ ናት፣ ነይ ነው የሚባለው» እያለ ሲያርማቸው «ተረት ወንድና ሴት አይለይም» ይሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ና!» ይላሉ።

አዴር ዩሱፍ ዕድሜያቸውን የፈጁት በጭነት መኪና ሹፌርነት ነው። ተረታቸው ሁሉ ያለው አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ቆርቆሮዋ ውስጥ ደግሞ ወደ ሃያ የሚጠጉ ፖስት ካርዶች። አንዱንም ፖስታ ቤት አልገዙትም። አንዱን አይሻ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከሽንኩርት ሻጭ፣ አንዱን ከጸጉር አስተካካይ መስታወት ጥግ ለምነው፣ አንዱን ቀብሪበያ የከብት መድኃኒት ከሚሸጥ ሰው ነበር ያገኙት። «ፖስት ካርድ ፖስታ ቤት የሚፈልግ ሰው ግመሉን ባሕር ውስጥ የሚፈልግ ነው» ይሉ ነበር። ለማንም ልከው አያውቁም። ለምን ሲባሉ፣ የሚያውቁት ሰው ሁሉ ዘንድ በመኪናቸው ስለሚደርሱ መላክ ትርፍ ነገር እንደሆነ ይናገራሉ።

ተረት ሲጀምሩ «ሼኮ ሼኮ!» ይላሉ፤ «ሼኮ ሀሪር!» ተብሎ መመለስ አለበት፣ የሐር ተረት እንደማለት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ቀን «ሼኮ ሼኮ» ሲሉኝ «የላም በረት!» ብዬ መለስኩ። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሻያቸውን ደፉት። «ላም የለኝም፣ ያለኝ ግመል ነው» አሉና ከዚያ ወዲህ የኛ ተረት መክፈቻ «ሼኮ ሼኮ!» «የግመል በረት!» ሆኖ ቀረ። ካርዱን ወደ ፋኖሱ ጠጋ ያደርጉታል፣ ከበስተጀርባው የተጻፈውን የፈረንጅ ጽሑፍ ሁለታችንም አናነበውም፣ ስለዚህ ሥዕሉ ያሉት ሁሉ ይሆናል።

ከሁሉ የምወደው ጀልባዋን ነበር። ነጭ ሸራ ያላት፣ ሰማያዊ ባሕር ላይ ብቻዋን ያለች ጀልባ ናት። አንድ ምሽት ከምድጃው ፍም ፈንጥቆ ሸራዋ ላይ አረፈና በሳት፤ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ጠርዟ የጠቆረ ቀዳዳ። እኔ ላለቅስ ስል አዴር ዩሱፍ ካርዱን ዓይናቸው ላይ አድርገው በቀዳዳው አዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረቱ ተለወጠ። ባለ ጀልባው የትም ቢሄድ በሸራው ቀዳዳ ወደ ኋላው እያየ የቤቱን ጭስ ያገኛል ሆነ። «ትደርሳለች?» እላለሁ በየጊዜው። «እንዴት አትደርስም! ቀዳዳው አለ፣ ቤቱን ያያል» ይሉኛል።

አሥራ አንድ ዓመቴ በሆነበት ክረምት ስስት ያዘኝ። አባቴ ከመሀል አገር መጥቶ የከፈተው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበረው፣ ሱቁ ውስጥ ደግሞ የፎቶ ኮፒ ማሽን። ካርዶቹን ኮፒ አድርጌ የራሴ ተረቶች እንዲኖሩኝ ፈለግሁ። ብጠይቃቸው ይሰጡኝ ነበር፤ ግን ለመስረቅ ያገኘሁትን ድፍረት ለመጠየቅ አላገኘሁትም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአልጋቸው ሥር ቆርቆሮዋን አውጥቼ ሹራቤ ውስጥ ደብቄ ስወጣ፣ አንድያ ልጃቸው ሙክታር በሩ ላይ አገኘኝ። ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ልጅ ነበር። ያበጠውን ሆዴን አይቶ ሳቀና አሳለፈኝ። ሱቅ ስደርስ መብራት የለም። ቆርቆሮዋን ከማሽኑ ሥር ሸጉጬ ነገ እመለሳለሁ አልኩ።

በማግስቱ ከተማው ነደደ። ከመሀል አገር የመጡ ሰዎች ሱቅ እየተለየ ይሰበር ጀመር፣ የሰበረው ይዘርፋል፣ የተዘረፈው ይቃጠላል። አዴር ዩሱፍ አጥሩን በእጃቸው ገንጥለው እናቴን፣ አባቴን፣ ታናሽ ወንድሜንና እኔን ወደ ቤታቸው አሻገሩን፤ ከዚያም ወንበር አውጥተው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የግቢያቸው በር ላይ ተቀመጡ። ሙክታር በየመንገዱ እየተሽሎከለከለ ውሃና ዳቦ ያመጣልናል። የሱቃችንን ነገር የነገረን እሱ ነው። ምንም አልቀረም አለና አንገቱን ደፋ፣ እንደ አጥፊ።

በሦስተኛው ምሽት ወንድሜ ማልቀስ አላቆም አለ። ከገበያው በኩል የሚመጣው ጭስ ቤቱን ሞልቶት የተቃጠለ ጎማና የተቃጠለ በርበሬ ይሸት ነበር። አዴር ዩሱፍ የፋኖሱን ክር ዝቅ አድርገው «ቆይ፣ ጀልባዋን እናምጣ» አሉና እጃቸውን አልጋው ሥር ሰደዱ። ፈለጉ፣ ተንበርክከው ፈለጉ። «ማን ነካት?» አሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ «አላየኋትም» አልኩ። ያስጠለለንን ሰው ንብረት አጠፋሁ ካልኩ አውጥተው መንገድ ላይ የሚጥሉን መስሎኝ ነበር። የልጅ ነገር ነው፤ እናቴን ግን በዚያች ሰዓት ከምትፈራው በላይ ላስፈራት አልቻልኩም።

ሙክታር ጀሪካን ተሸክሞ የገባው ያኔ ነው። ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸታል። አባቱ ቀና ብለው አዩትና በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ፣ «የጎረቤቴን ሱቅ የዘረፉት ጓደኞችህ ናቸው። አንተ ከአባትህ ጀመርክ?» አሉት።

ሙክታር ጀሪካኑን አስቀመጠ። እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያም «ወላሂ አልወሰድኩም» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ቤትህ የተጠለለ ሰው በክፉ ስሙ አይነሳም፤ ይህን ያስተማሩት ራሳቸው አዴር ዩሱፍ ናቸው። «እኔ ሌባ አልወለድኩም» አሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

ነገሩ በረደ፣ እኛም ወደ ቤታችን ተመለስን፣ አባቴ ከቶጎጫሌ ሸቀጥ እያመጣ እንደገና መነገድ ጀመረ። ሙክታር ግን በዚያው ዓመት አንድ ጠዋት አልጋው ላይ አልተገኘም፤ ታህሪብ ሄደ ተባለ። እኛ ከተማ ይህን ቃል የማያውቅ ልጅ የለም፣ ደላላ ተከትሎ በረሃና ባሕር እያቋረጡ መሰደድ ነው። ከወራት በኋላ አንድ ጊዜ ደውሎ ጀልባ ልንሳፈር ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። አዴር ዩሱፍ መብራት ሲጠፋ ምድጃቸውን ማውጣት ተዉ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ እውነት እያደር ከበደ እንጂ አልጠራም። በመናገር ፋንታ ፖስት ካርድ መፈለግ ጀመርኩ። የጠፉትን ካርዶች ብተካቸው የሆነው ሁሉ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ። ከአባቴ ጋር ከከተማ በወጣሁ ቁጥር፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ፣ ፖስታ ቤቱን አልፌ የማይሆን ቦታ እጠይቃለሁ። ፎቶ በስልክ በሚላክበት ዘመን ፖስት ካርድ የምትጠይቅ ልጅ ሰው ያስቃል፤ ሳቁብኝ። ቢሆንም ቀብሪበያ ከጫማ ሰፊ ሣጥን ውስጥ ጽጌረዳ ያለበት የበዓል ካርድ አገኘሁ፣ አንድ ፋርማሲ ከመድኃኒት ካርቶን ጀርባ የወደቀ የበረዶ ተራራ ሸጠልኝ። ሁለቱም ተረት አልነበራቸውም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቶጎጫሌ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳና ጎሚስታ ቤት ገባን። እንደ ልማዴ፣ ያለ ተስፋ፣ ፖስት ካርድ አለህ ወይ ብዬ ጎሚስታውን ጠየቅሁት። እጁን በጨርቅ ጠረገና «ሥዕል ነው የምትፈልጊው? አለ» አለኝ። ግድግዳው ላይ፣ በአሮጌ ካላንደርና በጎማ ከመነዳሪ መሀል፣ ጀልባዋ በሽቦ ተሰቅላለች። ሸራዋ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች።

ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ከዓመታት በፊት ከጅጅጋ የመጣ ድብልቅልቅ ዕቃ በጆንያ ገዝቶ ካርዶቹን ውስጡ እንዳገኛቸው ነገረኝ። ሌሎቹስ አልኩት። «ወረቀት አይደል እንዴ» አለ፣ የጎማ መለጠፊያውን እሳት በአገጩ እያሳየ። የአይሻው ባቡር፣ ነጩ ድልድይ፣ ሦስቱ ግመሎች፣ ሁሉም እሳት ማያያዣ ሆነዋል። ይህችን ያስቀራት ባሕር አይቶ ስለማያውቅ ነው። ሽቦውን ፈትቶ ሰጠኝ።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ስትገባ፣ አዴር ዩሱፍ በር ላይ ቆምኩ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር በኮቴዬ ለዩኝና «ና፣ አዴር» አሉ፣ ድክም ባለ ድምፅ። ካርዱን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ጣታቸው ሸራው ላይ ሄደና ቀዳዳዋ ላይ ቆመ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ ያን ብርሃን ባላየሁት ኖሮ ይሻለኝ ነበር። «ማን አመጣው? ሙክታር ነው?» አሉ። ልጃቸው ተመልሶ የሰረቀውን ያስረከበ መሰላቸው። ባሕር ላይ የቀረ ልጅ አባት እጅ ውስጥ ጀልባ እንዳስቀመጥኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ነገርኳቸው። ሹራቤን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ «አላየኋትም» ያልኩትን፣ ሁሉን። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው።

«ሙክታር ያውቅ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ስወጣ አይቶኝ ነበር።»

«አይቶሽ ነበር» ብለው ደገሙት። ጀልባዋን ወደ ደረት ኪሳቸው ከተቱና ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ፤ ምድጃው እሳት አልነበረውም። «ትዕግሥት፣ መሽቷል። ቤትሽ ግቢ።»

ስሜን ሲጠሩኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። የሚያውቁት እንኳ አይመስለኝም ነበር።

አሁን እኔም አዋቂ ነኝ፣ የምኖረውም እዚያው ነው። ካርድ መፈለግ ትቻለሁ። ዓርብ ዓርብ የግመል ወተት ይዤላቸው እሄዳለሁ። ቢሰድቡኝ፣ ያን ዱላ አንስተው ቢያባርሩኝ፣ ወይም እንደ ድሮው ተሳስተው አንድ ጊዜ «ና» ቢሉኝ ብዬ እመኛለሁ። እሳቸው ግን ወተቱን በሁለት እጃቸው ይቀበሉና «አላህ ይስጥሽ፣ ትዕግሥት። አባትሽ ደህና ናቸው? በይ፣ ሳይመሽብሽ ሂጂ» ይሉኛል። አማርኛቸው አንድም ስሕተት የለበትም።