ስታማትያ ድንጋይ አታረጥብም

በእኛ የበረሃ ከተማ፣ በኩበር ፒዲ፣ ሰው ድንጋይ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መላስ ነው። አትሳቁ። እዚህ የምንቆፍረው የከበረ ድንጋይ፣ ኦፓል፣ ሳይወለወል ደረቅ ሲሆን ከጠጠር አይለይም፤ ምራቅ ሲነካው ግን በሆዱ ያለው ቀለም ብቅ ይላል። ሕፃኑም ይልሳል፣ ቄሱም ይልሳል፤ እኔም የቁፋሮ ማሽን ስጠግን ብሎን መሐል የተሸጎጠች ስብርባሪ ካገኘሁ ከነግራሶዋ ወደ አፌ ነው። ችግሩ፣ ምራቁ ሲደርቅ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። በዚህ ከተማ የስንቱ ሰው ተስፋ በምራቅ ላይ እንደቆመ እግዜር ይወቀው።

ስታማትያ ግን አታረጥብም። ማለቴ፣ ለራሷ ስትሆን እንደ ማንኛችንም ትልሳለች፤ ካሜራ ፊት ግን በጭራሽ።

ከካሊምኖስ ደሴት ገና በሙሽርነቷ የመጣች ግሪካዊት ናት። ባሏ ለፍቴሪስ ዕድሜውን ሙሉ ቆፍሮ፣ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳያገኝ በሳንባ ሕመም ሞተ። እሷ ደግሞ ወንዶቹ ቆፍረው የጣሉትን የአፈር ክምር እየበረበረች፣ ሳያዩት ያለፉትን እየለቀመች ኖረች። ክምር ላይ ጎንበስ ብላ ያያት ሁሉ "ዶሮዋ መጫር ጀመረች" ይላል። እሷም ቀና ሳትል፣ "ዶሮዋስ እንቁላል አላት፤ አንተ ምን አለህ?" ትለዋለች። ምላሷን የሚችል የለም።

ባሏ ካረፈ በኋላ የለቀመችውን በኢንተርኔት ልሽጥ ብላ ተነሳች። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ጉድ ነበሩ። የካሜራው ብልጭታ ድንጋዩን ሕፃን ያስመለሰው ወተት አስመሰለው። ፀሐይ ላይ አወጣችው፤ የእኛ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት አታውቅም፣ አመድ አደረገችው። ቀጥላ ከእኔ ጋራዥ ትልቁን የሥራ መብራት ተውሳ ሄደች። ያ መብራት እንቁላል ይጠብሳል። ኦፓል ደግሞ በውስጡ ውሃ አለው፤ ሙቀቱ ሲመጠው፣ ያላት አንዲት ጥሩ ድንጋይ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀች። መብራቱን ያዋስኩት እኔ ነኝና ለብዙ ጊዜ አኮረፈችኝ።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የገባት። ቤቷ እንደ ሁላችንም ቤት በኮረብታ ሆድ ውስጥ የተቆፈረ ነው፤ የውስጥ ክፍሉ መስኮት የሚባል አያውቅም። "ሌላው ሰው ብርሃን ለመከልከል መጋረጃ ይገዛል፤ እኔ ጨለማው በነጻ አለኝ። የማስበው የምጨምረውን ብቻ ነው" አለችኝ አንድ ቀን። የጨመረችውም ተራ ነገር ነው። የለፍቴሪስ የግንባር መብራትና የራሷ፣ ሁለቱም የማይሞቁ ናቸው። አፉም ቂጡም የተቆረጠ የፕላስቲክ ወተት ጠርሙስ ድንጋዩን ከብቦ ይቆማል፤ መብራቶቹ ከውጭ ግራና ቀኝ ሲበሩ ብርሃኑ በፕላስቲኩ ውስጥ ለስልሶ ይገባል፤ ካሜራው ከላይ ቁልቁል ያያል። ብርሃኑ ከበረታባት የመጋገሪያ ወረቀት ትደርባለች። አንዱ ወገን ከጨለመባት ደግሞ የብስኩት ካርቶን ላይ ፎይል ለጥፋ ታቆማለች። ለስላሳ ብርሃን ብቻውን ግን ኦፓልን ያስተኛዋል፤ ስለዚህ ጠርሙሱን በሚስማር በስታዋለች፤ በዚያች ቀዳዳ የምትገባው ቀጭን ጨረር ቀለሙን ትቀሰቅሰዋለች። ሌንሱ አሮጌ ነው። ገልብጣ በፕላስተር ካሜራው ላይ አስራዋለች፤ ሲገለበጥ ሩዝ የምታህለውን ነገር ድንች ያደርጋል። ይህን ሁሉ እያበላሸች ነው የተማረችው።

ቆፋሪው ፎቶ ሊያስነሳ እየተግተለተለ ይመጣላት ጀመር። ደንቧ አንድ ነው፤ ድንጋዩ ደረቅ ይሁን፣ ከጎኑም መጠኑ እንዲታይ የእሷ አውራ ጣት ይግባ። ደጃፏ ላይ ሰረቅ አድርጎ ልሶ የሚገባ አይጠፋም። እሱን፣ "ጠጥቶ የመጣ ድንጋይ ቤቴ አይገባም፤ ሲበርድለት ይዘኸው ና" ብላ ትመልሰዋለች።

ድራጉቲን የሚባል ሰርብ ጎረቤት አለን፤ ከለፍቴሪስ ጋር በአንድ ጉድጓድ የቆፈረ። ዓይኖቹ ከመሐል ጀምረው ጠፉ። የሚያየው በዳር በኩል ብቻ ነው፤ ሰው ሲያናግር እንኳ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ነው። የአደሌድ ከተማ ሐኪም ዳሩም መከተሉ እንደማይቀር ነግሮታል። ይህ ሰው በትንባሆ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ድንጋይ አለው። ቁፋሮ ሊያቆም ሲል ያገኘው ነው፤ ያኔ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ራሱ በወጉ አላየውም። ቆፋሪዎች የሚሰበሰቡበት ክለብ ይዞት ሄደ፣ ሰዎቹ ተራ በተራ ላሱት፣ "እሳት ነው፣ ቀይ እሳት!" አሉት። አመነ። አልሸጠውም፣ አላስቆረጠውም። ሌሊት በእጁ ይዞት እንደሚተኛ ሚስቱ ነግራናለች።

አንድ እሁድ እኔ የስታማትያን የውሃ ፓምፕ ስፈታታ ድራጉቲን መጣ። ፎቶ አንስታለት በቴሌቪዥኑ ሙሉ አጉልታ እንድታሳየው ለመናት። "ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ ድንጋዬን አንድ ጊዜ ልየው" አላት። ቆርቆሮውን ትቶላት፣ ለምሳ የሚጠበሰውን ሥጋ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ስታማትያ ድንጋዩን ጠርጋ ጠርሙሱ ውስጥ አስቀመጠችው፣ መብራቶቹን አበራች፣ ካሜራው ላይ አጎነበሰች፤ ፎቶ ሳታነሳ ቀና አለች። ነገር እንዳለ ገባኝ። ሄጄ አየሁ። ግራጫ ነው። ዳሩ ላይ የክር ያህል አረንጓዴ አለች፤ ከዚያ ውጪ ምንም። ድንጋዩን አንስቼ ላስኩት፤ አንድ ጥጉ ላይ ቀይ የሚመስል ነገር ብልጭ አለ። ሲደርቅ ጠፋ።

"በርጥቡ አንሺው" አልኳት። "ማን ይጎዳል? ለገዢ አይደለ፤ ለአንድ ሽማግሌ ዓይን ነው።"

"ምራቅህን የዋጥክ ሰው መስለኸኝ ነበር" አለችኝ።

ተናደድኩ። ሰውዬው ሊጨልምበት ነው፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ደንብ ታወሪያለሽ፣ ልብሽ ከዚህ ድንጋይ ይብሳል አልኳት። ብዙ ተናገርኩ። እሷ ጣቷን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረችና ድንጋዩ ላይ አንዣብባ ቆየች። ጠብታዋ ጣቷ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ለፍቴሪስን እስከ መጨረሻው ይሻልሃል እያልኩ ሸኘሁት" አለች። "ሊሰናበተኝ አፉን በከፈተ ቁጥር ይሻልሃል እላለሁ። ሳይሰናበተኝ ሄደ።"

ወደ ፓምፔ ተመለስኩ። ፎቶውን ደረቁን አነሳችው።

ሥጋው ተበላ፤ ለእኔ እንደ አሸዋ ነበር። ከምሳ በኋላ ድራጉቲን ወንበሩን ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ጎትቶ ተቀመጠ። ፎቶው ተከፈተ። አንገቱን ወደ ግራ ጠመዘዘ፣ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። አላስችል ብሎኝ "አቤት ውበቱ" ልል አፌን ስከፍት ስታማትያ እግሬን ረገጠችኝ።

"በደረቁ ነው ያነሳሽው" አለ ድራጉቲን። "የውሃ ብልጭታ የለውም።"

"በደረቁ ነው።"

"ቀይ የለውም?"

"የለውም።"

"ምንም?"

"ምንም። ግራጫ ነው። ዳሩ ላይ ቀጭን አረንጓዴ አለች።"

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። የሚያለቅስ መስሎኝ ወለል ወለሉን አየሁ። አላለቀሰም።

"ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያሳየኝ አርጥቦ ነው" አለ። "ልጄ ደውላ እያለቀሰች ደህና ነኝ ትለኛለች። ሚስቴ ሸሚዜ ቆሽሾ ሳለ ንጹሕ ነው ትለኛለች። ክለቡ እሳት አለኝ። ዓይኔ ሳይጠፋ እኮ እናንተ አጠፋችሁት።"

ስታማትያ ትነፋረቅ ጀመር፤ በባሏ ቀብር እንኳ እንዲህ ስትሆን አላየኋትም።

"አረንጓዴዋ የት ጋ ናት?" አላት።

ተነሳች። ጣቱን ይዛ ስክሪኑ ላይ አሳረፈችለት፣ ከላይ ከዳሩ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ታች ወሰደችው። እሱም አንገቱን አጣሞ ተከተላት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ እጇን አልለቀቀም።

"እንደገና" አላት።