ያልገባሁባቸው የአራስ ቤቶች

በጃንሆይ ዘመን ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ጤና ጣቢያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ መርፌ የምቀቅልባት ድስትና እኔ ነበርን። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የኮሶ መድኃኒት አድላለሁ። ከዚያ በፊት ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ስማር ዲቁና ተቀብዬ ስለነበር ድሬሰር ከሆንኩም በኋላ መቀደሱን አልተውኩም። በአዘቦት ነጭ ጋዋን፣ በሰንበት ልብሰ ተክህኖ። ሰዉ በሁለቱም ያከብረኝ ነበር፤ እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ መከበሩ ጥሞኝ ነበር። ድምፄ ደግሞ ያምራል። ከሩቅ ደብር ሳይቀር ሰምተውኝ የሚሄዱ ሰዎች እንዳሉ አውቅ ነበር፤ ማወቄም አልበጀኝም።

አንድ ዓመት በጥር ወር አንድ ሐኪም በበቅሎ ወገዳ ገባ። የመድኃኒት ሣጥንና አንድ ኩንታል የሚሞላ ወረቀት ይዞ ነበር። የመጣው የሴቶችን ጤና ለማጥናት ነው፤ ማን ይታከማል፣ ማን ሳይታከም ይቀራል የሚለውን። በመጀመሪያው ቀን እኔ ዘንድ መጥቶ የሕመምተኛ መዝገቤን ገለበጠ።

«ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ፣» አለ ጣቱን በስሞቹ ላይ እየነዳ። «ስማዳ ውስጥ ሴት አትታመምም?»

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ቤት ለቤት እየዞርኩ የምሞላቸውን ቅጾች አስረከበኝና ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ባሏን ሳይሆን ሴቲቱን ራሷን ጠይቃት፤ ዓይኗን ገልጠህ እይ፤ ትኩሳቷን ለካ። «አራሶችን ደግሞ አንዷንም እንዳትዘል። የመጣሁት ለእነሱ ነው። የጠናባት ካለች በቃሬዛ አምጡልኝ፤ ፔኒሲሊን አለኝ» አለኝ። ወገዳ ድንኳን ተክሎ እስከ ጥር ሃያ ሁለት ሊቆይ፣ ከዚያ ወደ እስቴ ሊሻገር ነበር። ሪፖርቱ ሲያልቅ አንዲት አዋላጅ ነርስ ከሁለቱ ወረዳዎች ችግሩ ወደሚብስበት እንደምትመደብም ነገረኝ።

እሺ አልኩት። ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። እኛ ዘንድ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ፣ ማለትም ለወንድ ልጅ አርባ፣ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን፣ ቀዳሽ የሆነ ሰው አራስ ቤት አይገባም። ከገባ ቅዳሴ ይቀርበታል። ጥር ሃያ አንድ ደግሞ አስተርእዮ ማርያም ናት፣ የደብራችን ንግሥ፤ በዕለቱ እንድቀድስ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ለሐኪሙ «ይህን ሥራ ለሌላ ስጠው» ማለት እችል ነበር። የሚከፈለኝ አበል ሳይሆን የጋዋኑ ክብር አሳሳኝና ዝም አልኩ።

ስለዚህ እንዲህ አደርግ ጀመር። ሌላው ቤት ገብቼ በደንብ እጠይቃለሁ። አራስ ያለበት ቤት ስደርስ ግን አጥሩ ሥር ቆሜ እጣራለሁ። አባወራው ወይ አማቲቱ ትወጣለች። «አራሷ እንደምን ናት?» እላለሁ። «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት» ይሉኛል። ማን ነው ደጁ ለቆመ ዲያቆን የሚስቱን ደም የሚያወራው? እኔም በምኮራባት የእጅ ጽሕፈቴ ትኩሳት፦ የለም፤ ደም መፍሰስ፦ የለም እያልኩ እሞላለሁ። ሴት ልጅ የወለደች እናት ለሰማንያ ቀን ስለምትዘለል እጥፍ እንደምትጎዳ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ትዝ ቢለኝም የምለወጥ አይመስለኝም።

ጥር አሥራ ስምንት ቀን ከአጎቴ ልጅ ቤት ደረስኩ። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ያደግነው አንድ ግቢ ነው። ከየኔታ ዱላ ሸሽቼ ጎተራ ሥር ስደበቅ ሽንብራ በቀሚሷ ቋጥራ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች፤ ሲጠይቋት ደግሞ ዓይኗን ሳታሽ ትዋሽልኛለች። ሴት ልጅ ወልዳ ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። ባሏ አውድማ ላይ ገብስ እየወቃ ነው አሉኝ። አማቷ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወደ አጥሩ መጡ።

«እንደምን ዋሉ እሜቴ? አራሷ እንደምን ናት?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ። ብቻ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ያተኩሳታል። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሽቼላታለሁ። አንተ የሕክምና ሰው አይደለህ? ግባና እያት እንጂ።»

«መግባቱን እንኳ አልችልም እሜቴ፤ የማርያም ለት ቀዳሽ ነኝ።»

«ውይ በሞትኩት! እውነትህን ነው፣ ዘንግቼው ነው። ይቅር በለኝ» አሉኝ። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

የአጎቴ ልጅ ከውስጥ ሰማችን። «አንተ ወንድሜ! ድምፅህን ለይቼዋለሁ። ምነው እንደ ባዳ ደጅ ቆምክ?»

«ክርስትናዋን ስታነሺ ገብቼ ጠግቤ እበላለሁ» አልኳት። «ዛሬ ምን አለሽና ልግባ?»

ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠና ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ያ ፀሐይ የሚያቃጥልበት ቀትር ነበር። አራስ በዘጠኝ ቀኗ እንዲህ ስትንቀጠቀጥ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩኝ ሰዎች በግልጽ አስተምረውኛል፤ አላወቅሁም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም። የትኩሳት መለኪያው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። በአማቷ እጅ ልልከው እችል ነበር። ግን መለኪያው ከፍ ብሎ ከተመለሰ መግባት ሊኖርብኝ ነው፤ ከገባሁ ደግሞ ማርያም ቀረችብኝ። «ውሃ በደንብ ትጠጣ፣ ነፋስ እንዳይነካት» አልኩና ቅጹን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ትኩሳት፦ የለም ብዬ ጻፍኩ።

በንግሡ ዕለት ድምፄ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

በማግስቱ ወገዳ ወርጄ ቅጾቹን አስረከብኩ። ሐኪሙ አንድ በአንድ ገለጣቸውና ጽሕፈቴን አመሰገነ። ከዚያ የአራሶቹን ለብቻ አውጥቶ ደግሞ አያቸው። «ሁሉም ደህና ናቸው?»

«የአገራችን ሴቶች ጠንካሮች ናቸው» አልኩት። በሕይወቴ ብዙ ከንቱ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ይህችን ያህል የምጠላት ግን የለችም። ሐኪሙ ሣጥኑን በበቅሎ አስጭኖ ወደ እስቴ ሄደ። አዋላጇም ኋላ የተመደበችው እስቴ ነው። ለስማዳ የደረሰው የእኔ ንጹሕ ወረቀት ብቻ ሆነ።

የአጎቴ ልጅ ሐኪሙ በሄደ ማግስት ጎሕ ሲቀድ አረፈች። ፍትሐቷ ላይ ቆሜ አዜምኩ።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ አጥሩን፣ መለኪያውንና ቅጹን አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ የባሰ ነገር አደረጉ።

«ነፍስ ለማዳን ነው ብለህ ብትገባ ማን ይከለክልሃል ልጄ? በማርያም ለት ሌላ ዲያቆን ይተካህ ነበር። እኔም ጠበል እረጭህ ነበር፤ በቃ፣ ያበቃል» አሉኝ። አንድ ቅዳሴ ነበር ዋጋው። እኔ ሥርዓቱ ከለከለኝ ብዬ በሥርዓቱ ልደበቅ ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ሳያስቡት ከመደበቂያዬ አወጡኝ።

ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ ጥናት አይቻለሁ፣ ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ፣ ሌሎችንም አስሞልቻለሁ። ከላይ እስከ ታች «የለም» የሚል ገጽ ሲቀርብልኝ ጽሕፈቱ ባማረ ቁጥር ይበልጥ እጠረጥረዋለሁ። «የት ቆመህ ጠየቅሃት?» እላለሁ። ወጣቶቹ ነገረኛ ሽማግሌ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ሕፃኗ ተረፈች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ተጠራሁና ያን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ረግጬ ገባሁ። ጾም ስለነበር የቀረበው የባቄላ ወጥ ነው። ከመደቡ ላይ ባሏ አጠገብ አስቀመጡኝ። እጄን ወደ መሶቡ አለመዘርጋቴን አይቶ ሰውዬው አዘነልኝ፤ አጎንብሶ በቀስታ ያጽናናኝ ጀመር።

«ራስህን አትጉዳ። የእግዜር ሥራ ነው፤ አንተማ ጠይቀሃታል» አለኝ። «የምቆጨው እኔ ነኝ። ያን ለት ወገዳ ሐኪም ገብቷል ሲሉኝ አውድማው ላይ ቃሬዛ አስሬ፣ ተሸካሚ አራት ሰው ለምኜ፣ ሊነጋጋ ሲል ልንነሣ ነበር። አመሻሽ ላይ ስገባ እናቴ፣ 'ድሬሰሩ መጥቶ ነበር፤ ከደጅ ጠይቋት፣ ተጫውተው፣ ጽፎ ሄደ' አለችኝ። የሚያሰጋ ቢሆን እሱ እህቱን ጥሎ አይሄድም ነበር አልኩና ሰዎቹን መልሼ ቃሬዛውን ፈታሁት።»

ከዚያ እንጀራ ቆርሶ አጎረሰኝ። ጎረስኩለት።