ጠበል የሳበው ሞተር

መካኒክ ባምላክ ዓባይ ማዶ ባለው ጋራዡ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ሞተር ፈትቷል። ትናንት የጋሽ ክንዱ መኪና ተጎትታ መጣችለት። ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ማለትም ቢዬላው፣ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጥቷል።

«አንተ የገጠምኸው ሞተር ነው! ስምህን ከተማው ሁሉ ይሰማል» አሉ ጋሽ ክንዱ።

ባምላክ የአየር ማጣሪያውን ቢከፍት ርሷል። «ጋሼ፣ ውኃው ከየት ገባ?»

«የአንበሳሜን ዳገት እምቢ ስትለኝ ቡዳ በልቷት ነው ብዬ፣ ሞተሩ እየሠራ በአየር መሳቢያው አንድ ጀሪካን ጠበል አፈሰስሁ።»

«በሉ እንግዲህ፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርቦ ውኃውን ሳበው። አየር ይታመቃል፤ ውኃ ግን አይታመቅም። ፒስተኑ ውኃው ላይ ሲገታ ቢዬላው ታጥፎ ተሰበረ።»

«ጠበል ሰይጣን ያስወጣል እንጂ ብረት አይሰብርም!»

«ሰይጣኑን አላየሁም፤ ቢዬላውን ግን አስወጥቶታል።»

ጋሽ ክንዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በል፣ ሰው ከጠየቀህ ቡዳ ነው በል። እኔም ስምህን አላነሣም።»