የአባቴ ስድስት ትርፍ ዓመታት

ጅቡቲ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

የአባቴ ሰፈር ካርቲዬ ሁለት ገና አልነቃም፤ ሙቀቱ ግን ነቅቷል። ከድሬዳዋ የመጣሁት አባቴን ወደ አዲስ አበባ ልወስደው ነው። ጉሮሮው ላይ ካንሰር ተገኝቶበታል፤ የጨረር ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ እዚህ ከሚያክመው ሐኪም የሪፈር ወረቀት። ቁርሱ ሻይ ውስጥ የራሰ ዳቦ ነው፤ ሌላ አይወርድለትም። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነውና ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። በታክሲው ውስጥ በሻከረ ድምፁ ከሾፌሩ ጋር በሶማሊኛ እየቀለደ ሄደ።

3 ሰዓት፣ ክሊኒክ

ሐኪሙ ከፋይሉ ቀና አላለም።

"ሰማንያ ሁለት ዓመት። ስድስት ሳምንት ጨረር አይችሉትም። ማስታገሻ እጽፍላቸዋለሁ።"

"ኧረ ሰባ ስድስት ናቸው!" አልኩ። አባቴ ምድር ባቡር ለመቀጠር በአሥራ አራት ዓመቱ "ሃያ ነኝ" ብሏል። ያኔ ብዙ ልጆች እንዲያ አድርገዋል፤ ወረቀቱ እንደተጻፈ ቀረ።

ሐኪሙ አባቴን ራሱን በፈረንሳይኛ ጠየቀው። አባቴ አለቃው የጠራው ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ሰማንያ ሁለት።"

ይዤው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ጮህኩበት። "አባዬ፣ ምን ነካህ?"

"ጡረታዬን ቢነጥቁኝስ?" አለ። "ደግሞስ ሰማንያ ሁለት ብሆን? ሰው አይደለሁም?"

እኔም እኮ የተከራከርኩት በቁጥር ነው። ያ ሐኪም የአባቴን ልብ አላዳመጠም፣ አልመዘነውም፣ ደረጃ ይወጣሉ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀም! ሰው ፊቱ ተቀምጦለት ወረቀት አከመ። ተመልሼ ገብቼ ይህንኑ ነገርኩት። "ቀጣይ!" ብሎ ነርሷን ጠራ። የምርመራ ውጤቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ።

9 ሰዓት፣ ዶራሌ ወደብ

ሪፈር የለንም። ውጤቱን ይዘን ሄደን አዲስ አበባ ሰው የሚያይ ሐኪም እንፈልጋለን። አቧራ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ማለቂያ የሌለው የከባድ መኪና ሰልፍ። የድሬዳዋ ጎረቤቴ ደረጀ ማዳበሪያ ጭኗል፤ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ሰጥቶናል።

"አባቴ፣ መወጣጫው ከፍ ይላል፣ ልደግፍዎት። ዕድሜዎ ስንት ነው?" አለው ደረጀ።

"አንተ ደግሞ ምን አገባህ!" አልኩት። ምስኪን፣ ክው አለ።

አባቴ የተዘረጋለትን እጅ ገፋ አድርጎ ብረቱን ጨበጠ፤ ሦስቱን መወጣጫ ረግጦ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠ። አላለከለከም። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለና ወደ እኔ ዞረ።

"ያ ሐኪም ይህን ቢያይ ምን ነበረበት?"